የቆመው እግር

ሰው ሲራመድ ይወድቃል። ይህን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ገና ነጭ ቀበቶ አስረው በመጡ ቀን ነው። ሰውነትህን ወደ ፊት ትጥለዋለህ፤ ሊወድቅ ሲል አንደኛው እግርህ ደርሶ ይይዘዋል፤ መልሰህ ትጥለዋለህ፣ ሌላው ይደርሳል። መራመድ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እነሱ ይስቃሉ። ከዚያ ተነስታችሁ ሂዱ ስላቸው ሁሉም እግር እግራቸውን እያዩ ይንገዳገዳሉ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ነገር አሳስቤ አጠፋሁባቸው ማለት ነው። ቴኳንዶ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ከእግርና ከዳሌ ሌላ የማውቀው ነገር የለም ብል ማጋነን አይደለም።

እኔ ራሴ የወደቅኩት ጳጉሜ ላይ ነው። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ የሚሆን እንቁላል ገዝቼ ወደ ኮንዶሚኒየማችን እየተመለስኩ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ተረከዜ ሸሸ። አወዳደቅ አስተምራለሁ እኮ። አገጭህን ወደ ደረትህ ሳብ፣ በእጅህ የያዝከውን ልቀቅ፣ መሬቱን በክንድህ ምታውና ተንከባለል። ስንቱን ልጅ በዚህ ጉዳይ ጮኼበታለሁ። ያን ዕለት ግን ፌስታሉን አልለቀቅኩም። ባለቤቴ “እንዳትሰብራቸው” ብላኝ ነበርና ከፍ አድርጌ ይዤው፣ እንደ ድንች ጆንያ በግራ ዳሌዬ ዘጭ አልኩ። የአጥንቱን ድምፅ እኔም ሰማሁት፣ አጠገቤ ሊስትሮ ጋ ጫማ የሚያስጠርግ ሰውዬም ሰማው።

ከእንቁላሎቹ አንድም አልተሰበረም። የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን እኔን መኪና ላይ ካስጫነች በኋላ ፌስታሉን አንስታ ይዛ ገባች፤ በበዓሉ ዕለት ዶሮ ወጥ ሠርታ ሆስፒታል ድረስ አመጣችልኝ። ያንን እንቁላል ለሁለት ገምሼ ስበላ ምን እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። የሚጣፍጥ እንቁላል ነበር።

የጭኔ አጥንት ከዳሌው ጋር የሚገናኝበት አንገቱ ላይ ነው የተሰበረው። ከፍተው ብረት አስገቡበት። በማግስቱ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጣችና ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ፊቴ አቁማ አስነሳችኝ። ላብ በላብ ሆንኩ እንጂ ቆምኩ። “ቤትዎ ሲገቡ በየቀኑ ይነሱ፣ ይራመዱ” አለችኝ። “ከተቀመጡ ጡንቻው ያልቃል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ያኔ እኛም አንመልሰውም። ብረቱ ይይዝዎታል፤ እርስዎ ብቻ ይነሱ።”

“ልጄ፣ እኔ እንጀራዬ ይኼው ነው” አልኳት። እንዴት እንደኮራሁ ባያችሁ።

ተማሪዎቼ በወንበር ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ አወጡኝና መስኮቱ ሥር አስቀመጡኝ። ሕንፃችን ሊፍት የለውም። ከዚያ በኋላ ዓለሜ ያች ወንበር ሆነች።

የእኛን አገር የጠያቂ ነገር ታውቁታላችሁ። በሩ ይንኳኳል፤ እኔ ለሰላምታ ክንዴን ወንበሩ ላይ ደገፍ ሳደርግ ገና ከበሩ ላይ “በሞቴ፣ በሞቴ እንዳትነሳ” ይባላል። አንዱ በሞቱ፣ ሌላዋ በልጆቿ፣ ሌላው አፈር ስሆን እያለ። እንግዲህ ሰው በሞቱ ካስማለህ እንዴት ብለህ ትነሳለህ? ብትነሳ ሞቱን የተመኘህ ይመስላል። ደግሞ ከልባቸው ነው፤ ፍቅር ነው። ቅልጥም ቀቅለው ያመጣሉ፣ ተልባ በጥብጠው ያመጣሉ፣ ትራስ ከጀርባዬ ይጠቀጥቃሉ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ይሰቅላሉ። ሊሄዱ ሲሉም አንድ ሳያስቀሩ ያቺን ተረት ይተርቱልኛል፤ “አይዞህ ማስተር፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።” በእንቁላል ምክንያት የተሰበረን ሰው እንዲህ ማጽናናት ምን የሚሉት ነገር ነው? የመጀመሪያ ሰሞን ስቄያለሁ። በኋላ በኋላ ግን ተረቱ ከአፋቸው ሳይወጣ ቀድሜ “እሺ፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል” እላቸው ጀመር።

ባለቤቴ መደገፊያውን ብረት ቁምሳጥኑ ኋላ ሸጎጠችው። “ሰው ሲገባ ይሄን አይቶ ሽባ ሆነ ብሎ እንዲያወራብህ ነው?” አለች። እውነተኛው ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። አንድ ቀን እግሬን በሞቀ ውሃ እያጠበች ቀና ሳትል ነገረችኝ፤ “ጭቃ ላይ ሆነህ ነው ያየሁህ። ሁለተኛ ብትወድቅ እኔ አልችለውም።” ሽንት ቤት እንኳ የምሄደው እሷና ጎረቤታችን በሁለት በኩል በብብቴ ገብተው አንጠልጥለው ነው፤ እግሬ መሬት ይነካል እንጂ አይሠራም።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መስኮት ነው። ከታች ኮብልስቶኑ ላይ ሰው ያልፋል፤ እኔ አካሄድ አያለሁ። ሽንኩርት በጆንያ የተሸከመው ሰውዬ ጭንቅላቱ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ጉልበቱን እጥፍ አድርጎ ከወገቡ በታች ብቻ ነው የሚሄደው፤ እንደዚያ ካላደረገ ጭነቱ በየርምጃው ይደበድበዋል። ታክሲ ለመያዝ የምትጣደፈው ሴትዮ ጠባብ ቀሚሷ ጭኗን ስለያዘባት በወገቧ ጠምዘዝ ትላለች። አንድ ጠና ያለ ሰውዬ ደግሞ አለ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ያልፋል፤ ደህና ለመምሰል ይሞክራል፤ ነገር ግን ቀኝ እግሩን በረገጠ ቁጥር ትከሻው ወደ ቀኝ ይጋደማል። የዳሌው የጎን ጡንቻ ሰንፎበታል። አንድ እግርህን ስታነሳ ሌላው ዳሌህ ብቻውን ነው አካልህን ሁሉ የሚሸከመው፤ ካልቻለ ጎንህ ይወርዳል፤ እንዳይወርድ ሰውነትህን በላዩ ላይ ትጥልበታለህ። “ድካሙ አንተም ጋ ገባ አይደል” እለዋለሁ ከላይ ሆኜ። አይሰማኝም።

በእርግጫም ያው ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው በአየር ላይ የሚወነጨፈውን እግር ነው፤ ቆንጆው እሱ ነዋ። ጉልበቱ ያለው ግን በቆመው እግር ነው። የቆመው እግር ተረከዙ ካልዞረ፣ ዳሌው አጥብቆ ካልያዘ፣ የተወነጨፈው ነፋስ ነው፣ ዝንብ አያባርርም። “የሚመታው የቆመው ነው” እያልኩ ነው ያረጀሁት። እኔ በሕይወቴ ሁሉ የምመታው በቀኜ ነው። የምቆመው በግራዬ። የተሰበረው ግራው ነው።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የታሰረው። እናቴ ሰማንያን አልፋለች፤ ዘነበወርቅ ሰፈር እህቴ ጋ ነው የምትኖረው። ስወድቅ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለእሷ እንዳይነገር ወሰነ። ለሽማግሌ ክፉ ነገር አይነገርም፣ ልቧ ደካማ ነው፣ ትደነግጣለች። እኔም ተስማማሁ። እሷ በስልክ “ጠፋህ” ትለኛለች፤ እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ “ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ፣ ለመድኃኔዓለም መጥቼ እወስድሽ የለ” እላታለሁ። በየዓመቱ በጥቅምት መድኃኔዓለም እኛ ሰፈር ወዳለው ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን የምወስዳት እኔ ነኝ። ታክሲ በር ድረስ እንዲያደርሳት አትፈልግም፤ ራቅ ብለን እንወርድና በግራ ክንዴ ላይ እጇን ጣል አድርጋ በእግር እንሄዳለን። የስለት ያህል አድርጋ ነው የያዘችው። እንግዲህ እስከዚያ ቀን በእግሬ መቆም አለብኝ። ካልቆምኩ ውሸቱ ይወጣል፤ ከውሸቱም በላይ ግን ያቺ ባለሙያ ያለችው ነገር አለ። ዳሌዬ በየቀኑ እየደረቀ ይሰማኛል። ጭኔ በእጄ ስለካው እየሳሳ ነው። ከዚህ በኋላ ወይ እነሳለሁ፣ ወይ እንደተቀመጥኩ እቀራለሁ።

ለሰው ሁሉ እነሱ ናቸው ያሰሩኝ እል ነበር። ለተማሪዎቼ፣ ለእህቴ፣ ስልክ ለደወለ ሁሉ። “ልነሳ ስል በሞቴ፣ ልቁም ስል በሞቴ፤ በቁሜ ገነዙኝ” እላለሁ።

አንድ ቀን ባለቤቴ አትክልት ልትገዛ ወጣች፤ ጎረቤታችንም ዕድር ነበራት። በሕንፃው ላይ በሞቱ የሚያስምለኝ ሰው አልነበረም። እሰይ አልኩ። መነሳት እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ወንበሩ ጫፍ ትመጣለህ፤ እግርህን ከጉልበትህ ወደ ኋላ ትስባለህ፤ ከዚያ አፍንጫህ የእግር ጣትህን እስኪያልፍ ወደ ፊት ታጎነብሳለህ። ክብደትህ ከመቀመጫህ ወደ እግርህ የሚሻገረው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ብትገፋ መልሰህ ዘጭ ትላለህ። ለአፍታ ያህል ወደ ፊት ለመውደቅ መፍቀድ አለብህ፤ ያለዚያ ማንም ሰው ከወንበር ተነስቶ አያውቅም።

ጫፉ ላይ መጣሁ። እግሬን ሳብኩ። አጎነበስኩ። አፍንጫዬ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ የወለሉን ሴራሚክ አየሁት፤ ያ የአጥንት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ሰውነቴ ቆመ። በቃ እንቢ አለ። ተመለስኩ፣ ተነፈስኩ፣ እንደገና አጎነበስኩ፣ እዚያው ቦታ ላይ እንቢ አለ። ስንቴ እንደሞከርኩ እንጃ፤ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። በመጨረሻ እግሬን በእጄ አንስቼ ወደ በርጩማው መለስኩትና እንደ እውነተኛ ፈሪ፣ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ስትመለስ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ “አልተነሳህም አይደል?” አለችኝ።

“አንቺ መቼ ታስነሺኛለሽ!” ብዬ ጮኽኩባት። “እንደ ዕቃ አስቀምጣችሁኛል እኮ። አቧራዬን መጥረግ ብቻ ነው የቀራችሁ።” እሷ ወደ ማዕድ ቤት ገብታ ጎመን መክተፍ ጀመረች፤ የቢላዋው ድምፅ ግን ልክ አልነበረም። ወደ ማታ ጎረቤታችን ስትገባ እንደ ልማዷ “በሞቴ እንዳትነሳ” አለች። ያኔ ውስጤ እፎይ ሲል ሰማሁት። ከመሰበሩም፣ ከመቀመጡም ይልቅ ያ እፎይታ ነው ያሳፈረኝ። የታሰርኩት በእነሱ አልነበረም፤ እነሱ ሰበብ ሆነውኝ እኔው ነኝ ራሴን ያሰርኩት።

የመድኃኔዓለም ዕለት ጠዋት ለእናቴ ደወልኩ። “እማዬ፣ ጉንፋን ይዞኛል፤ እንዳላስይዝሽ ብዬ ነው። እህቴ ትውሰድሽ” አልኳት። “ይማርህ” አለችና ስልኩን ዘጋች። እኔ መስኮቴ ሥር ሆኜ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲጎርፍ አየሁ። ከዚያ ሁሉ እግር ውስጥ ሁለት አሮጊቶች በልጆቻቸው ክንድ ላይ ተደግፈው ሲያልፉ አየሁና መጋረጃውን ሳብኩት።

ከቀትር በኋላ ጎረቤታችን እያለከለከች ገባች። ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም። “ማስተር፣ ጉድ ሠራሁህ” አለች። ታቦቱ ከገባ በኋላ እናቴን ከእህቴ ጋር አገኘቻቸው። እንዳይነገራት አሳምራ ታውቃለች። ግን የታመመ ልጅ ያላትን እናት አግኝቶ ዝም ብሎ ማለፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አፏ ከሐሳቧ ቀደመና “እግዜር ይማርልሽ፣ የማስተር እግር እኮ ደህና ነው፣ አጥንቱ ገጥሟል” ብላት እርፍ። “ምን አለች?” አልኳት። “ዞራ መሄድ ጀመረች። ወደዚህ ነው የምትመጣው። እኔ ቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው የሮጥኩት።”

ባለቤቴ ትራሱን ታስተካክል ጀመር። እኔ ደረጃውን ነበር የማዳምጠው። የሰው ኮቴ አውቃለሁ፤ የእናቴን ደግሞ ከሁሉ በፊት ነው ያወቅሁት። ከዘራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ከዘራ፣ ቀኝ፣ ግራ። አንደኛ ፎቅ ላይ አረፈች። “እማዬ፣ ልደግፍሽ” ስትል እህቴን ሰማኋት፤ “ዞር በይ” አለቻት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከዘራው አንድ ጊዜ መሬት ከመንካት ይልቅ መታ መታ ማድረግ ጀመረ፤ ጉልበቷ ተንቀጥቅጧል ማለት ነው። በጤናዬ ቢሆን እታች ድረስ ወርጄ ክንዴን እሰጣታለሁ። አሁን ግን እናቴ በየደረጃው ስትሰቃይ ከላይ ተቀምጬ መስማት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ከዚያ ሁሉ የመስኮት ቀን ይልቅ እስር ቤት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ገባች። ባለቤቴና ጎረቤታችን ብድግ አሉ። “ኖር፣ ኖር እማማ” አሉ። ትልቅ ሰው ሲገባ እንዲህ ይባላል፤ እሱም “በእግዜር” ይልና ይቀመጣል፤ ከዚያ ሌላው ይቀመጣል። እናቴ “በእግዜር” አላለችም። አልተቀመጠችም። በከዘራዋ ላይ ተደግፋ በሩ አጠገብ ቆመች። ፊቴን አይደለም ያየችው፤ በርጩማው ላይ የተሰቀለውን እግሬን ነው።

“ይቀመጡ እንጂ እማማ፣ በሞቴ” አለች ባለቤቴ።

“ኖር ያላለኝ ሰው አለ” አለች እናቴ።

እህቴ ከኋላዋ “እማዬ፣ ታሟል እኮ” ስትላት፣

“ጉንፋን ነው ያለኝ” አለች። “ጉንፋን የያዘው ሰው ለእናቱ ይነሳል።”

“እማዬ፣ ይቅርታ፣ ተቀመጪ” አልኩ። እንዳልሰማች ሆነች። ያኔ ጉልበቷን አየሁት። በቀሚሷ ውስጥ ይርገፈገፋል። ክብደቷ ሁሉ ከዘራው ላይ ነው፤ ከዘራው ራሱ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ሰው ሊወድቅ ሲል ከራሱ በፊት እኔ ነኝ የማውቀው፤ በዚህ እንጀራ በልቻለሁ። ይህች ሴትዮ ካልተነሳሁ አትቀመጥም፤ ካልተቀመጠች ደግሞ ትወድቃለች። ይህን የማውቀውን ያህል እሷም ታውቀዋለች፤ አውቃም ነው የቆመችው።

እግሬን ከበርጩማው አወረድኩ። ጫፉ ላይ መጣሁ። እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ አጎነበስኩ። ሴራሚኩ ያው ነው፤ አሁን ግን ላዩ ላይ የእናቴ ጫማ ነበር፣ ጭቃ የነካው የላስቲክ ጫማ። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቱ የትም አልሄደም። አፍንጫዬ ጉልበቴን አለፈ፣ ጣቴን አለፈ። ባለቤቴ ልትይዘኝ ስትንደረደር “ተይው” የሚል የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ገፋሁ።

ቆምኩ። ክብደቴ ሁሉ ቀኙ ላይ ነው፣ እጄ የመስኮቱን ደፍ አንቋል፣ ግን ቆሜአለሁ።

“ኖር፣ እማዬ” አልኳት።

“በእግዜር” አለች። ከዚያ ክፍሉን በከዘራዋ ቀስ ብላ አቋርጣ መጣችና የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትራሱን ከጀርባዋ አውጥታ ወደ ጎን ጣለችው። “እፍ” አለች፤ “ይህን ሁሉ ደረጃ የሠራ ሰው እናት የለውም?”

መቀመጫ የለኝም። ሶፋው ከማዶ ግድግዳ ነው። ባለቤቴ እናቴን ታያለች፣ እኔን ታያለች፤ ከንፈሯ በሞቴ ሊል ይከፈትና ይዘጋል። “ያን ብረት አምጪልኝ” አልኳት። ቁምሳጥኑ ሲገፋ፣ ብረቱ ግድግዳውን ሲፍቅ ሰማሁ። አምጥታ ፊቴ አቆመችው። እጇን ግን ከብረቱ ላይ አላነሳችም፤ ያንን ሳይ በጎመኑ ቀን የጮኽኩባት ትዝ አለኝና “አይዞሽ” አልኳት።

ብረቱን ገፋ አደረግኩ። ግራውን እግሬን አስከተልኩ። ቀጥሎ ቀኙ ነው፤ እሱን ለማንሳት ደግሞ በተሰበረው መቆም አለብኝ። እናቴ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗን ከእግሬ አልነቀለችም።

ቆምኩበት።